የንስሐ አባት፣ ኑዛዜና ቁርባን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሕይወት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ኅብረት በንስሐ ይታደሳል፤ ሥጋ ወደሙን፣ ማለትም ቅዱስ ቁርባንን፣ በመቀበልም ይፈጸማል። ሁለቱም ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ምእመኑን ወደ ሁለቱም የሚያደርሰው የንስሐ አባቱ ነው።

የንስሐ አባት ወይም የነፍስ አባት የቅስና ማዕረግ ያለው ካህን ነው፤ ዲያቆን ማናዘዝ አይችልም። ሥልጣኑ ጌታ ለሐዋርያት ከሰጠው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የተወረሰ ነው (ማቴ. 18፥18፤ ዮሐ. 20፥23)። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ በአንድ አባት ሥር ይሆናል። ካህኑ በንስሐ ልጆቹ ቤት እየዞረ ጠበል ይረጫል፣ ጸሎት ያደርሳል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ የታመመውን ይጠይቃል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲያርፍም በፍትሐቱ ላይ ይቆማል።

በኑዛዜ ጊዜ ተነሳሒው የሠራውን ሳይሸሽግ ይናገራል። ካህኑም አድምጦ ከመከረው በኋላ እንደ ኃጢአቱ ክብደትና እንደ ሰውየው አቅም ቀኖና ይሰጠዋል፤ ይህም ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። የቀማ እንዲመልስ፣ የበደለም እንዲክስ ይታዘዛል። ስግደት ለማይችሉ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ቀኖናው በሌላ ይለወጥላቸዋል። ብዙዎች ቀኖናን እንደ ቅጣት ቆጥረው ከኑዛዜ ይሸሻሉ፤ አባቶች የሚያስተምሩት ግን ለነፍስ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን ነው፤ መጠኑ ከሰው ሰው የሚለያየውም ስለዚህ ነው። ካህኑ የሰማውን ለማንም አይገልጥም፤ የንስሐን ምሥጢር ማውጣት በክህነቱ ላይ የሚያስፈርድ በደል ነው። ቀኖናው ሲፈጸም ተነሳሒው «ይፍቱኝ» ብሎ ይቀርባል፤ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ያሰናብተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁርባን ነው፤ ብዙ ምእመናን የሚቆሙትም እዚሁ ላይ ነው። ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ተጠምቀው በዚያው ዕለት ይቆርባሉ፤ በልጅነታቸውም በተለይ በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ፣ እናቶቻቸው ይዘዋቸው ወደ ቅዳሴ ይመጣሉ። ጎረምሳነት ሲጀምር መቁረብ ይቋረጥና ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በእርጅና ነው። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በሰማንያ፣ ማለትም ያለ ቁርባን በውል፣ የተጋቡ ባልና ሚስት በቁርባን እስኪጸኑ ድረስ ራሳቸውን ያርቃሉ፤ ከቆረበ በኋላ ዳግም በኃጢአት መውደቅን የሚፈራ ደግሞ «ስረጋጋ እቆርባለሁ» እያለ ዓመታትን ያሳልፋል። ፍርሃቱ ከአክብሮት የመነጨ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጌታ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» (ዮሐ. 6፥56) ብሎ የተናገረው ለሽማግሌዎች ብቻ ስላልሆነ፣ ተናዝዞ ሳይቆርቡ መኖር መንገዱን ከእኩሌታው ላይ ማቆም ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ስለ ንስሐና ቁርባን ማስተማራቸው በዚህ ረገድ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ይናዘዛል፣ ከተጣላው ጋር ይታረቃል፣ ቢያንስ ለ18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ ይከለከላል፤ ባለትዳሮችም ለተወሰኑ ቀናት ከመኝታ ይታቀባሉ። ቅዳሴውንም ከመጀመሪያው አንሥቶ መከታተል ይጠበቅበታል። ከተቀበለ በኋላ ጠበል ይጠጣል፣ አፉን በነጠላው ይሸፍናል፤ በዚያ ቀን ከመትፋት፣ ከሥራ ድካምና ከጭቅጭቅ ይጠነቀቃል።

በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ምእመናን ከንስሐ አባታቸው ጋር በስልክ ይገናኛሉ፤ ምክሩንም በዚያው ይቀበላሉ። ሥጋ ወደሙ ግን በአካል ተገኝተው የሚቀበሉት ነውና፣ በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን የሌለው፣ በተለይም አሠሪ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው፣ ለቅዳሴ የሚወጣበትን የዕረፍት ቀን ማግኘት ዋናው ፈተናው ይሆንበታል።