«ከፍ አድርገው!» ሲሏችሁ አትጩሁ፦ ስለ ዘፈን ድምፅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥር ሲገባ ጎጃም ውስጥ ዳስ ያልተጣለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ዳስ ባለበት ዘፈን አለ፤ በማግስቱ ደግሞ ድምፁ የተዘጋ ሰው አይጠፋም። አንድ ዓመት ባለተራው እኔ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ከጠዋት ጀምሬ ሳወጣ ዋልኩ፤ ማታ ላይ «ደህና እደሩ» ማለት አቃተኝ። አክስቴ ጥሬ እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ ሰብራ መጣች። «ዋጠው ልጄ፣ ያጠራልሃል» አለችኝ። ዋጥኩት። አላጠራልኝም።

ያን ቀን የሠራሁትን ስህተት ዛሬም እኔ ጋ ለመለማመድ የሚመጡ ልጆች ሁሉ ይሠሩታል። ስለዚህ ከእንቁላሉ ልጀምር።

«እንቁላል፣ ማርና አረቄ ድምፅ ያጠራል»

ድምፅ የሚወጣው ከማንቁርት ነው፤ እዚያ ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ሲርገበገቡ። ማንቁርት ያለው የአየር ቧንቧው አናት ላይ ነው። የምንውጠው ነገር ደግሞ ከኋላ ባለው በምግብ ቧንቧ በኩል ያልፋል። ትን ብሏችሁ ያውቃል? አንዲት ጠብታ ውሃ መንገድ ስትስት ያ ሁሉ ሳል ይመጣል። እንቁላሉ የድምፅ አውታሮቹን ቢነካማ ኖሮ ስንስል ባደርን ነበር። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ደግሞ ትርፉ የሆድ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ማርና ተልባ የተቆጣ ጉሮሮን ለስለስ ያደርጋሉ፤ ጠጡ፣ ደስ ይበላችሁ። አውታሮቹ ጋ ግን አይደርሱም። አረቄው ከሁሉም ይብሳል። ሕመሙን ስለሚያደነዝዝ እየተጎዳችሁ አይታወቃችሁም። በዚያ ላይ ያደርቃል።

ውሃስ? ውሃ ይጠቅማል፣ ግን መድረክ ላይ ቆማችሁ የምትጎነጩት አፍ ከማራስ አያልፍም። አውታሮቹን የሚያረጥበው በደም በኩል ዞሮ ነው፣ ሰዓታት ይፈጃል። ለማታ ዘፈን ከጠዋት ጀምሩ። በቀጥታ የሚደርሰው እንፋሎት ነው። ሙቅ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን ሳታቃጥሉ፣ ቀስ እያላችሁ ተንፍሱ። በተለይ በበጋው ደረቅ አየርና አቧራ።

«ከፍ ያለ ድምፅ ማለት ጮክ ያለ ድምፅ ነው»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የቋንቋችንም ይመስለኛል። «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ሲባል ጩህ ማለት ነው ወይስ ወደ ቀጭኑ ውጣ? ሁለቱንም «ከፍ» እንላለን። ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው ጋራ እየተጣራ ላደገ ሰው ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። አንድ ልጅ ከፍ ያለችው ቦታ ላይ ሲደርስ አየዋለሁ፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ትከሻው ጆሮው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ይተኩሳታል።

ክራር የሚቃኝ ሰው አይታችኋል። ድምፁ እንዲቀጥን ሲፈልግ ክሩን ያጠብቃል እንጂ በኃይል አይመታውም። በኃይል ቢመታው ያው ድምፅ ነው ጮክ ብሎ የሚወጣው። የእኛም ማንቁርት ላይ የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ አውታሮች ትንንሽ ናቸው፤ የወንድ እንኳ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ትንሽዬ ጡንቻ ስትለጥጣቸው ይቀጥናሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባሉ። አንዲት ሴት ስታወራ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ከዚያ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ በእጥፍ እስኪቀጥን ስትወጣ 400 ይሆናል። በዚህ ፍጥነት እርስ በርስ የሚነካካን ስስ ነገር ከታች በአየር ኃይል ስትገፉት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ልጆቹን መጀመሪያ የማሠራቸው የሚያስቅ ነገር ነው። እንጅባራ የፈረስ ጉግስ ያየ ያውቀዋል፣ ፈረሱ ቆም ብሎ ከንፈሩን ብርርር ሲያደርግ። እንደሱ ከንፈራችሁን እያርገበገባችሁ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ተንሸራተቱ፣ ተመለሱም። ከገፋችሁ ከንፈሩ ይቆማል፤ ስለዚህ ማታለል አይቻልም። ካልሆነላችሁ በስትሮ ውስጥ «ኡ» እያላችሁ ውጡ። ጠባቧ ቀዳዳ የአየሩን ግፊት ወደ ኋላ ስለምትመልሰው አውታሮቹ በኃይል አይጋጩም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ያቺን ከፍ ያለች ቦታ ከወትሮው ግማሽ ድምፅ ዝፈኗት። መጀመሪያ ደካማ ትመስላለች። ተዉአት፣ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይመጣል።

«ከሆድህ አውጣው»

ሆድ ውስጥ አየር የለም፤ አየሩ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። አየር ስትስቡ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ዕቃን ስለሚገፋ ነው ሆድ ወጣ የሚለው። ምክሩ ትከሻ እንዳይነሳ ስለሚረዳ አልጣላውም። ሆዳቸውን እንደ ድንጋይ አጠንክረው የሚገፉት ናቸው የሚያሳዝኑኝ።

«አገጭ ሲነሳ ድምፅም ይነሳል»

አይነሳም። አንገት ሲለጠጥ ማንቁርትም አብሮ ይታነቃል። ከፊታችሁ የቆመን ሰው ዓይን እንደምታዩ ሁኑ።

«ድምፅ ሲዘጋ ማንሾካሾክ ያሳርፈዋል»

ብዙ ሰው ሲያንሾካሽክ ማንቁርቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ይሄ እረፍት አይደለም። ዝም በሉ፤ የግድ ከሆነ ለስለስ ባለች በተለመደችው ድምፃችሁ አውሩ። ጉሮሮን እህ፣ እህ እያሉ መጥረግም ያው ነው፣ አውታሮቹን ማጋጨት ነው።

«እስኪዘጋ ካልተዘፈነ ድምፅ አይበስልም»

ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ ድምፁም የሻከረ ሰው ነው። የተዘጋ ድምፅ ማለት ያበጠ አውታር ነው። እብጠቱ ላይ ደጋግሞ መዝፈን ቆይቶ አውታሩን እንደ መጅ ሊያሳብጠው ይችላል። መቁሰል፣ ማቃጠል ወይም መሻከር ከመጣ የዚያን ቀን ልምምድ አለቀ። መሻከሩ ከ3 ሳምንት ካለፈ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እየዘፈናችሁ ድንገት ድምፅ ድርግም ካለ፣ ደም ካያችሁ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ሠርግ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እኩለ ሌሊት ላይ በበርበሬ የተንቦገቦገ ወጥ በልቶ ወዲያው መተኛት። አሲዱ ከጨጓራ ወደ ላይ ሲመለስ ማንቁርቱን ያቃጥለዋል። ጠዋት ስትነሱ ድምፃችሁ ከጓዳ የሚመጣ ከመሰለ ብርዱን ብቻ አትጠርጥሩ። ከተመገባችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆዩ።

«ቀጭን ድምፅ የሴት ነው»

ቀረርቶ ባለበት አገር ይሄን ለወንዶች ማስረዳት ፈተና ነው። ግን ወንዱም ያንን ስስ ድምፅ ካልተለማመደው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይሰበርበታል። ማንም በሌለበት ተለማመዱት፣ አላወራም።

«ኪይ ማውረድ ሽንፈት ነው»

ኪይ ማለት ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ ነው። ልምምድ ድምፅን ያሰፋል፣ ግን የሁሉም ሰው አውታር ርዝመትና ውፍረት እኩል አይደለም። ድሮ ክራሩም ማሲንቆውም የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነበር፤ ማንም አፍሮ አያውቅም። ዛሬ ኪቦርድ መጣና ካሴቱ በተቀዳበት ኪይ ካልዘፈንን እንላለን። ባለፈው ጥር ወደ ዳሱ ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ኪቦርዲስቱ ጋ ነው። «ኪዩን ሁለት አውርድልኝ» አልኩት። በቁልፍ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ አለቀ። በማግስቱ መልሱ ላይም ዘፈንኩ።