ፍኖተ ካርታ ምንድን ነው? አለቃ በሌለበት የሒሳብ ሶፍትዌር የነገን ሥራ ማቀድ

ካልኩሌተር ላይ 1ን ለ3 ብታካፍሉ 0.3333 እያለ ይሄድና ቦታ ሲያልቅበት ይቆማል። የኮምፒውተር አልጀብራ ሲስተም ግን 1/3ን እንዳለች ይይዛታል። ሲምፓይ፣ ሴጅና ማክሲማ የሚባሉት ፕሮግራሞች ሥራቸው ይኸው ነው። ቁጥር ብቻ ሳይሆን ፊደልም ያሰላሉ። እኩልታ ይፈታሉ፣ ዴሪቬቲቭ ያወጣሉ፣ ኢንቴግራል ይሠራሉ። መልሱንም ጎበዝ ተማሪ ደብተሩ ላይ እንደሚጽፈው አድርገው ይሰጧችኋል።

ሦስቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው። ኮዳቸውን ማንም ያያል፣ ማንም ያሻሽላል። ታዲያ ማንም የሚነካው ነገር በሚቀጥለው ዓመት ወዴት እንደሚሄድ ማን ይወስናል? ይህን ለመመለስ የሚጻፈው ሰነድ ነው ፍኖተ ካርታ ወይም ሮድማፕ የሚባለው።

ኩባንያ ውስጥ ሮድማፕ ከትእዛዝ ብዙም አይርቅም። ኃላፊው "ይህ በመጋቢት ይውጣ" ካለ፣ ደሞዝተኛው ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። እንዲህ ያለ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ውስጥ ግን ደሞዝተኛ የለም፤ ካለም በጣት የሚቆጠር ነው። አንዱ ፒኤችዲውን እየሠራ ነው፣ ሌላዋ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ ሌላው ልጆቹን አስተኝቶ ማታ ነው ኮድ የሚጽፈው። ደቦ እንኳ የማሳው ባለቤት አለው፤ ከየት እንደሚጀመር ያሳያል። እዚህ ማሳው የሁሉም ነው፣ አጫጁም የመጣው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሮድማፕ እንደ ቀጠሮ ማንበብ ስህተት ነው። እኔ የማነበው እንደ ሁለት መልእክት ነው። አንዱ "ይህን ሠርታችሁ ብታመጡ ጊዜ ሰጥተን እናየዋለን" ይላል። ሌላው "ይህን ግን እንዳትሰብሩብን" ይላል። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ከባዱ ሁለተኛው ነው።

ሲምፓይን እንውሰድ። የጀመረው ኦንድሬይ ቼርቲክ የሚባል ቼካዊ የፊዚክስ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተጻፈው ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ይህ በጎ ጎን አለው፤ ፓይተን የሚችል ሁሉ ሆዱን ከፍቶ ማየት ይችላል። ጣጣም አለው፤ ፓይተን ቀርፋፋ ነው። ምልክት የሞላበት ትልቅ ማትሪክስ ሰጥታችሁ ኢንቨርሱን አውጣ ብትሉት፣ ቡና አፍልታችሁ ብትመለሱም ላይጨርስ ይችላል።

እንግዲህ "ሲምፓይ ይፍጠን" ብሎ ሮድማፕ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። እንዴት? አንዱ መንገድ ዋናውን ሞተር በፈጣን ቋንቋ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ቼርቲክ ራሱ ይህን ሞክሯል፤ ሲምኢንጅን የሚባለው በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ከዚያ የመጣ ነው። በጣም ፈጣን ነው፣ ግን ሲምፓይ የሚችለውን ሁሉ አይችልም። ሁለተኛው መንገድ ከላይ ያለውን ሳይነኩ ከሥር ያለውን ስሌት ለሌላ ማሠራት ነው። በ2024 የወጣው 1.13 ቨርዥን ፍሊንት የሚባለውን በሲ የተጻፈ ላይብረሪ መጠቀም ይችላል። ፍሊንት ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለና ሲምፓይ እንዲጠቀምበት ከተደረገ ፖሊኖሚያልና ማትሪክስ ላይ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከሌለም ሲምፓይ እንደ ድሮው ይሠራል። ማንም ኮዱን መቀየር የለበትም። ዜና የማይሆን አሰልቺ ሥራ ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ።

እቅድ የት እንደሚጣበቅ ለማየት ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ትበቃለች። √(ሀ²) ስንት ነው? ብዙ ሰው ሳያመነታ "ሀ" ይላል። ሀ −3 ብትሆንስ? ካሬዋ 9፣ የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው። ሀ አልመጣችም፤ የመጣው የሀ አብሶሉት ቫልዩ ነው። ሀ ኮምፕሌክስ ቁጥር ከሆነች ይህም አያስኬድም። ስለዚህ ስለ ሀ ምንም ካልነገራችሁት ሲምፓይ √(ሀ²)ን ሳይነካ ይመልስላችኋል። ሪል ናት ካላችሁት አብሶሉት ቫልዩ ይሰጣችኋል። ፖዘቲቭ ናት ካላችሁት ያኔ "ሀ" ይላል።

"ሀ ፖዘቲቭ ናት" የሚለውን መረጃ ፕሮግራሙ የት ያስቀምጠው? በአሮጌው አሠራር ሀ ስትፈጠር አብሯት ይለጠፋል። በኋላ ሌላ አሠራር መጣ፤ መረጃው ከምልክቷ ተለይቶ ለብቻው ይነገራል፣ በሎጂክም ይጠየቃል። ሐሳቡ አዲሱ ቀስ በቀስ አሮጌውን ይተካል የሚል ነበር። ዛሬም ሁለቱ ጎን ለጎን አሉ። "አዲሱ" ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል!

ስንፍና ግን አይደለም። እኩልታ የሚፈታው ክፍልም፣ ኢንቴግራል የሚሠራውም፣ ሊሚት የሚያወጣውም በየእርምጃው "ይህ ቁጥር ፖዘቲቭ ነው?" ብሎ የሚጠይቀው አሮጌውን ነው። እሱን ነቅላችሁ አዲሱን ብትተክሉ በሺህ የሚቆጠሩ ቴስቶች (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ይወድቃሉ፣ ያልወደቁትም ይዘገያሉ። ሮድማፕ ላይ አንድ መስመር የሆነ ነገር ኮዱ ውስጥ ሲገባ የዓመታት ሥራ የሚሆነው እንዲህ ነው።

የሚቀየረውም ቢሆን በአንድ ጀምበር አይቀየርም። የሲምፓይ ደንብ፣ የቆየ አጠቃቀም ከመወገዱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ እያሳየ እንዲቆይ ይጠይቃል። ምርምሩን በዚያ ኮድ ላይ የገነባ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ሁሉም ነገር ተሰብሮ እንዳያገኘው ነው።

አንዳንዴ ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ ነው። የአሮጌው የፓይተን ቨርዥን፣ የፓይተን 2፣ ድጋፍ በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 እንደሚያበቃ ከብዙ ዓመት በፊት ተነግሮ ነበር። ሴጅን በ2005 የጀመረው ዊልያም ስታይን ነው፤ ዓላማውም እንደ ማቲማቲካና ሜፕል ላሉት ውድ ሶፍትዌሮች ነፃ አማራጭ መሆን ነው። ሴጅ የሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ጥርቅም ስለሆነ ወደ ፓይተን 3 መሻገሩ ዓመታት ፈጀበት። በፓይተን 3 የሚሠራው 9.0 ቨርዥን ግን የወጣው ልክ በዚያች ዕለት ነው። ከውጭ የመጣ ቀነ ገደብ፣ ከውስጥ የሚጻፍ ሮድማፕ የማይችለውን ይሠራል።

ሌላው አቅጣጫ የሚያስይዘው ገንዘብ ነው። ኦፕንድሪምኪት የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክት ከ2015 እስከ 2019 ድረስ ሴጅን ጨምሮ ለበርካታ የሒሳብ ሶፍትዌሮች በጀት መድቧል። ተማሪዎችን ክረምት ላይ እየከፈለ ኮድ የሚያጽፈው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድም ከ2007 ጀምሮ ለሲምፓይ ተማሪዎችን ሲያሠራ ኖሯል። በየዓመቱ ለተማሪዎች የሚወጣው የሐሳቦች ዝርዝር፣ ስሙ ይህ ባይሆንም፣ እውነተኛው ሮድማፕ ነው ማለት ይቻላል። ተማሪው ግን ክረምቱ ሲያልቅ ይሄዳል። የጻፈውን የሚያነብ፣ የሚያርም፣ ዋናው ኮድ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ካልተገኘ ሥራው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። እዚህ ሰፈር ኮድ ጻፊ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ኮድ ገምጋሚ ነው።

ካልተስማሙስ? አክሲየም የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር አልጀብራ ሲስተም ማየት ነው። አይቢኤም ውስጥ ስክራችፓድ በሚል ስም ተወልዶ፣ ኋላ ናግ የሚባል ድርጅት እየሸጠው ቆይቶ፣ በ2001 ከገበያ ወጣ። ከዚያ ኮዱ ለሁሉም ተከፈተ። የመራው ቲም ዴሊ የ30 ዓመት አድማስ ይዞ ነው የተነሳው። ኮዱ እንደ መጽሐፍ ተብራርቶ ይጻፍ፣ የሚመጣው ትውልድ ገብቶት ይቀጥለው የሚል ነው። ሐሳቡ ያምራል። ግን ሁሉም በዚያ መንገድና በዚያ ፍጥነት መሄድ አልፈለገም፤ በ2007 ፍሪካስና ኦፕንአክሲየም ተገንጥለው ወጡ። በዚህ ዓለም ሮድማፑ ያልጣመው ሰው ኮዱን ኮፒ አድርጎ የራሱን ይጀምራል፣ ላይሰንሱም ይፈቅድለታል። ፍሪካስ እስካሁን አዳዲስ ቨርዥን ያወጣል።

የማክሲማ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። ማክሲማን የወለደው በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረ ማክሳይማ (Macsyma) የሚባል ፕሮግራም ነው። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊልያም ሼልተር ከ1982 ጀምሮ አንዱን ቅጂ ለብቻው ሲንከባከብ ኖረ። በ1998 ከአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ፈቃድ አግኝቶ ጂፒኤል በሚባል የነፃ ሶፍትዌር ላይሰንስ ክፍት አደረገው። በ2001 በድንገት አረፈ። ፈቃዱ ባይኖር ኮዱ ከእሱ ጋር በተቀበረ ነበር። ስላለ ግን ተጠቃሚዎቹ ተሰባስበው ተረከቡት፣ ዛሬም እየሠሩበት ነው። ብዙ ሮድማፕ "ማን ይተካል?" የሚል መስመር የለውም፤ እኔ ግን አንድ ሮድማፕ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።