ጓሳን የሚጠብቁት መንዞች ራሳቸው ናቸው

ጓሳ የሳሩም ስም ነው የቦታውም ስም ነው። ቦታው ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ነው፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርገህ ጣርማ በርን አልፈህ ወደ መሀል ሜዳ ስትነዳ ታገኘዋለህ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ቀልድ የለውም፣ ጃኬት ረስቶ የሄደ ሰው ሌሊቱን ሲያስታውስ ይኖራል። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ጉም ውስጥ ቆሞ ከሩቅ ሰው ይመስላል። ብሔራዊ ፓርክ ግን አይደለም፣ የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሲባል ብዙዎቻችን ቲሸርት ለብሶ ችግኝ የሚተክል ወጣት ነው የሚታየን። ጓሳ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ጠባቂው ገበሬው ነው፣ የሚጠብቀውም ለቀበሮው ብሎ ሳይሆን በመጀመሪያ ለሳሩ ነው። ሳሩ እኮ ለመንዝ ሰው ሁሉ ነገር ነው፦ የድንጋይ ቤቱ ክዳን ከሱ ነው፣ ገመዱ ከሱ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ እረኛው የሚደርበው ገሳም ከሱ ነው፣ ከሳሩ ጋር የሚበቅለው ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ ደግሞ ማገዶ ይሆናል። ስለዚ ሳሩ እስካለ ውስጡ ያለው አይጥና ፍልፈልም አለ፣ አይጥ ካለ ደሞ ቀይ ቀበሮው አለ ማለት ነው። በአለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

ጥበቃው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው ይባላል። ስርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር (የአሁኑን ቄሮ እንዳታስቡ፣ አይገናኙም)። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ናቸው መሬቱን ያቀኑት፣ ወሰናቸውንም የለዩት በፈረስ ግልቢያ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች። በየወገኑ የሚመረጥ አለቃ ነበረው፣ አባ ቄራ ወይ አፈሮ ይሉታል፣ እሱ ዝጉ ካለ ጓሳ ሶስትም አምስትም አመት ይዘጋል፣ ማንም ማጭድ ይዞ ዝር አይልም። ሲከፈት ደግሞ በበጋ ነው፣ መጀመሪያ ሳሩ ይታጨዳል ከዛ ከብት ይገባል፣ ክረምቱ ሲገባ ሐምሌ 5 በአቦ ቀን ሁሉም ከብቱን ነድቶ ይወጣል፣ ምክንያቱም ሳሩ የሚያገግመው በዝናቡ ነው። ለጥበቃ መውጣት የሁሉም አባወራ ግዴታ ነበር፣ ህጉን የጣሰ ይገረፋል፣ ቤቱ እስከመቃጠል የደረሰበትም አለ ይባላል። እንግዲህ ይሄን በጎ ፈቃድ በሉት አትበሉት እናንተ ፍረዱ።

ችግሩ ደሞ ነበረው። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ለሆነ ብቻ ነው፣ ዘሩን መቁጠር ያልቻለ ጎረቤት ከዳር ሆኖ ነው የሚያየው። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሁሉ ቀረና ጓሳ በገበሬ ማህበራት ስር ሆነ፣ ፍትሃዊ ነበር፣ ግን የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ፣ በየጊዜው ይታጨድ በየጊዜው ይጋጥ ጀመር። በኋላ ሰዉ ራሱ መላ ፈጠረ፣ እድርን ይዞ መጣ። ቀባሪ ማጣት መንዝ ላይ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስለዚ በእድር በኩል የመጣ ህግ ከወረዳ ከመጣ ወረቀት ይልቅ ይከበራል። በየቀበሌው የተመረጡ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ያሉበት ኮሚቴ መቼ እንደሚዘጋ መቼ እንደሚከፈት ይወስናል።

አሁን ደሞዝ ያላቸው ጠባቂዎች (ስካውቶች) አሉ፣ የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማህበር ብዙ ደግፏል፣ ማህበረሰቡም የራሱ ሎጅ አለው። ቢሆንም በዛ ጉም ውስጥ ጥቂት ስካውት ብቻውን ምንም አያደርግም፣ በሌሊት ሳር ሊያጭድ የገባውን የሚያየው እረኛው ነው፣ የሚናገረውም እሱ ነው።

እዛው ጓሳ ላይ የተጠና አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቀይ ቀበሮው ጭላዳዎቹ መሀል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል፣ ግልገላቸው አጠገቡ እያለ እንኳን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት መንጋው ውስጥ ሆኖ ሲያድን ከሶስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ውሻ የመጣ እንደሆነ ግን ጭላዳው ሁሉ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣል። ለቀበሮውም ውሻ ክፉ ጎረቤት ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስተላልፍበት እሱ ነው፣ እናም ጓሳ ዳር ያለ ገበሬ ሳሩን ከማጭድ መጠበቁ ብቻ አይበቃውም፣ የገዛ ውሻውንም ማስከተብና ማሰር አለበት፣ ይሄኛው ደሞ በእድር ህግ እንኳን የሚከብድ ነው፣ ምክንያቱም በጉን ከጅብ የሚጠብቅለት ያው ውሻው ነው።