ስምን መልአክ ያወጣዋል፦ የዮሐንስና የሞክሼዎቹ ነገር

ሀብታሙ የተባለ ነጋዴ ሲከብር፣ ድል ነሳው የተባለ ወታደር ሲሾም፣ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባልና ይታለፋል። አባባሉ ዛሬ የሚነሣው ነገሩ ካለቀ፣ ሰውዬው ከታወቀ በኋላ ነው። የተነሣው ግን ስምና ዕድል ሲገጥሙ ለማድነቅ አልነበረም። ስም እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያወጣውና መቼ እንደሚያወጣው የሚናገር አባባል ነው፤ ይህን ለማየት የክርስትናውን ቀን መከተል ያስፈልጋል።

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ቁጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ጋር ይስማማል፤ ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ቀን። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። እናቲቱ እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ቀኑን አያትም ጎረቤትም ይቆጥራል። ቀኑ ሲደርስ ሕፃኑ ሌሊት ታቅፎ ይወሰዳል። ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ትቆማለች፤ ካህኑ ውሃውን ባርኮ ያጠምቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ያስራል፤ ሕፃኑም ይቆርባል።

ስሙ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ካህኑ ዕለቱን ያያል። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ነው። ከዚያ ለወንዱ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ለሴቷ ወለተ፣ አመተ የመሰለውን ያስቀድማል። በ12 የተጠመቀ ወንድ ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ሚካኤል ሆኖ ይመለሳል። (አንዳንድ ካህን የጥምቀቱን ሳይሆን የልደቱን ቀን ይይዛል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።) አባት አልመረጠም፣ እናት አልመረጠችም፤ ዕለቱ የማን እንደሆነ ታየና ስሙ ከዚያ ወጣ። «መልአክ ያወጣዋል» ያሉት ይህንን ነው።

ቆጠራው ቀላል ነው። ወራቱ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ፣ የተወለደበትን ቀን ጨምሮ ለሚቆጥር ሰው፣ ወንድ ልጅ በወሩ 3 ቀን ከተወለደ 40ው የሚሞላው በሚቀጥለው ወር በ12 ነው፤ ሴት ልጅ በ2 ከተወለደች 80ዋ ከሁለት ወር በኋላ በ21፣ በማርያም ይውላል። የልደቱን ቀን ሳይጨምር የሚቆጥር ሁሉንም በአንድ ቀን ያዘገየዋል፤ የሚካኤል የነበረው ልጅ ወደ 13፣ ወደ እግዚአብሔር አብ ያልፋል። ትልቁን ስሕተት የምታመጣው ግን ጳጉሜ ናት። ነሐሴ 3 የተወለደ ወንድ ጳጉሜ ከተረሳች ለመስከረም 12 ይቀጠራል፤ በትክክል ሲቆጠር ግን 40ው መስከረም 7፣ በሥላሴ ይሞላል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ወደ መስከረም 6፣ ወደ ቁስቋም ይመለሳል። በጠና የታመመ ሕፃን ግን 40 ሳይጠበቅ ይጠመቃል፤ ስሙም በዚያው ቀን ይወጣለታል።

የክርስትና ስም ቤት ውስጥ ብዙም ስለማይጠራ ይረሳል። የመርሳቱ ጉዳት የሚታየው በቀብር ቀን ነው፤ በፍትሐት ጸሎት ሟች የሚነሣው በክርስትና ስሙ ስለሆነ ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ሆኖ «ማን ነበር?» እያለ ይጠያየቃል። ስለዚህ ስሙን የክርስትና አባቱ ወይም እናቷ እንዲይዙት ማድረግ፣ በጽሑፍም ማስቀመጥ ይገባል። በነገሥታቱ ዘንድም ሁለቱ ስሞች እንደዚሁ የተለያዩ ነበሩ፤ የተፈሪ የክርስትና ስም ኃይለ ሥላሴ፣ የዘውዲቱ አስካለ ማርያም፣ የምኒልክ ሣህለ ማርያም ነበር።

አሁን ወደ ምንጩ። እኔ አጥብቄ የምይዘው ሐሳብ አባባሉ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ወጣ የሚለውን ነው። እዚያ መልአክ በእርግጥ ስም ያወጣል። ገብርኤል ለዘካርያስ ልጁን ዮሐንስ እንዲለው ይነግረዋል፤ ዘካርያስ ይጠራጠራል፤ ድዳ ይሆናል። ሕፃኑ በ8ኛው ቀን ሊገረዝ ሲመጣ ዘመዶቹ በአባቱ ስም ሊጠሩት ይፈልጋሉ። እናቱ «ዮሐንስ ይባል» ስትል ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የሚጠራ የለም ብለው ይሟገታሉ። አባትየው ሰሌዳ ለምኖ ስሙ ዮሐንስ ነው ብሎ ሲጽፍ አንደበቱ ይፈታል። በቁርኣንም በሱረቱ መርየም ቁጥር 7 ዘከሪያ የሕያ በሚባል ልጅ ይበሠራል፤ ከእርሱ በፊት በዚያ ስም የተጠራ እንደሌለም ይነገረዋል። ይህ ታሪክ በሰኔ 30፣ በመጥምቁ ልደት፣ ሲነበብ የሰማ ገበሬ በዚያው ደጀ ሰላም የልጁን ስም ከዕለቱ ሲቀበል፣ ሁለቱን አገናኝቶ አባባሉን ለመናገር የሚከብደው አይመስለኝም። ግንቦት 21 የተወለደ ወንድ 40ው የሚሞላው ልክ ሰኔ 30 ነው፤ ሐምሌ 27 የተወለደም፣ ጳጉሜ 5 በሆነችበት ዓመት፣ መስከረም 1 በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ይጠመቃል።

አባባሉን ኮከብ ከሚቆጠርበት መጽሐፍ፣ ከዓውደ ነገሥት ጋር የሚያያይዙት አሉ። ስሌቱ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ተደምረው ለ12 ተካፍለው፣ በቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቡን ማግኘት ነው። እዚያ ግን ስሙ አስቀድሞ ወጥቷል፤ ኮከቡ ከስሙ ይገኛል። አባባላችን የሚናገረው ስም ከመውጣቱ በፊት ስላለው ነገር ነው። ስለዚህ አልቀበለውም።

ይኸው የዘካርያስ ልጅ ስም በእንግሊዝኛ ጆን ሆኖ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሞክሼ ካላቸው ስሞች አንዱ ሆኗል፤ ለሰውም ለቦታም። ቦታዎቹም ብዙ ጊዜ ስማቸውን ያገኙት ልክ እንደ ሕፃኖቻችን ከዕለቱ ነው። ጆን ካቦት ከእንግሊዝ ተነሥቶ ሰሜን አሜሪካ ላይ ምድር ያየው እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1497 ነው። በካናዳ የኒውፋውንድላንድ ዋና ከተማ ሴንት ጆንስ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ዕለት ነው ተብሎ ይተረካል። ጁን 24 በምዕራቡ የመጥምቁ ልደት ነው፤ በዚያ ዘመን በሥራ ላይ በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ደግሞ ከእኛ ሰኔ 30 ጋር አንድ ቀን ነው። ካቦት ምድሩን ባየበት ዕለት፣ ሰኔ 30 ቀን 1489 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያም የሚከበረው ያው በዓል ነበር። ፈረንሳዊው አሳሽ ሻምፕላን እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1604 የደረሰበትን ወንዝም በዕለቱ ቅዱስ ጠራው፤ በወንዙ አፍ ያለችው የኒው ብራንስዊክ ከተማ ሴንት ጆን ተባለች። ነገር ግን ፈረንሳይ በዚያን ጊዜ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተሻግራ ስለነበር በእኛ ቀኑ ገና ሰኔ 20 ነበር። ሁለቱ የካናዳ ከተሞች እስከ ዛሬ ይምታታሉ፤ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» እና የክፍለ ሀገሩን ስም ማየት አለበት። ሦስተኛዋ ሴንት ጆንስ የአንቲጓና ባርቡዳ ዋና ከተማ ናት። ፖርቶ ሪኮ ደግሞ ድሮ የዋና ከተማዋ ስም ነበር፤ ደሴቲቱ ሳን ሁዋን፣ በስፓኝኛ ቅዱስ ዮሐንስ፣ ትባል ነበር። በኋላ ስማቸው ተለዋወጠ።

መልአክ ያላወጣው ዮሐንስም አለ። አውሮጳውያን በምሥራቅ አለ ብለው ሲፈልጉት የኖሩትን ካህን ንጉሥ ዮሐንስን በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ አመጡትና ንጉሦቻችንን ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩ ጀመር። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ሲደርሱ ዙፋኑ ላይ የነበረው ልብነ ድንግል ነው። ዮሐንስ ቀዳማዊ የነገሠው እ.ኤ.አ. በ1667፣ ከዚያ ወዲህ ነው። ካሣም ዮሐንስ አራተኛ ተብሎ በአክሱም የተቀባው በ1864 ዓ.ም. ነው። ከውጭ የተለጠፈ ስምና በሥርዓት የወጣ ስም እንዲህ ይለያያሉ።

ዛሬ ግን ልጁ ሆስፒታል ሳለ ከስልክ ላይ ስም ይመረጣል፣ ጆን ወይም ጆኒ ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲጠየቁም «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። አባባሉ ለጥድፊያ ሽፋን አይደለም። በሀገራችን ሕግ ልደት ለማስመዝገብ 90 ቀን ተሰጥቷል፤ የወንዱ 40ም የሴቷ 80ም በውስጡ ያልቃሉ። ቀኑን ቁጠሩ፣ ጳጉሜን አትርሱ፣ ዕለቱ የማን እንደሆነ ካህኑን ጠይቁና ሁለቱንም ስሞች ይዛችሁ ወደ መዝገቡ ሂዱ።