የሄሪኬን ወቅት ምንድን ነው? በካሪቢያን ደሴት አንድ ሳምንት ለማረፍ ቀን ለሚቆርጡ

የሄሪኬን ወቅት ማለት በአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በካሪቢያን ባሕርና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች የሚፈጠሩበት ተብሎ የተከለለ፣ በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚዘልቅ የስድስት ወር ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 መሆኑ ነው፤ ክረምት ሊገባ ሲል ተጀምሮ በኅዳር ጽዮን ዕለት ይዘጋል። መጀመሪያውንና መጨረሻውን የወሰኑት ባለሙያዎች ከረጅም ዘመን መዝገብ ተነሥተው ነው እንጂ ባሕሩ ቀን ቆጥሮ አይነሣም፤ ከጁን በፊትም ሆነ በዲሴምበር አውሎ ነፋስ የተፈጠረባቸው ዓመታት አሉ። ይሁን እንጂ እጅግ አብዛኞቹ የሚነሡት በእነዚህ ስድስት ወራት ውስጥ ነው።

በጃማይካ፣ በአንቲጓ ወይም በባርቤዶስ የባሕር ዳርቻ አንድ ሳምንት ለማሳለፍ የሚያስብ ቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬቱንና ሆቴሉን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በፊት ነው። በዚያን ጊዜ፣ በሚሄድበት ሳምንት ሰማዩ ምን እንደሚመስል ሊነግረው የሚችል ማንም የለም፤ በእጁ ያለው ብቸኛ መረጃ ወቅቱ ነው። ትንበያ የሚመጣው ገንዘቡ ከተከፈለና የዕረፍት ፈቃዱ ከተወሰደ በኋላ ነው። ስለዚህ ወቅቱ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር መለየት ሆቴል ከመምረጥ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቃሉ ራሱ የካሪቢያን ተወላጅ ነው። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት በደሴቶቹ ይኖሩ የነበሩት የታይኖ ሕዝቦች ኃይለኛውን ነፋስ «ሁራካን» ይሉት ነበር፤ ስፔናውያን ከእነርሱ ወሰዱት፣ ከስፔንኛም ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ገባ። ዛሬ ሄሪኬን የሚባለው በሞቃት ባሕር ላይ ተፈጥሮ፣ ጸጥ ባለ ዐይን ዙሪያ የሚሽከረከርና የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር የደረሰ አውሎ ነፋስ ነው። ከዚያ በፊት፣ ፍጥነቱ 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ስም ይወጣለታል፤ ይህ ስም የሚወጣበት ሰዓት ለመንገደኛው ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ከ119 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ያለው በአምስት ደረጃ ይከፈላል፤ 178 ሲደርስ ደረጃ 3፣ 252 ሲደርስ የመጨረሻው ደረጃ 5 ይሆናል። እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ እንዲጠነክር የባሕሩ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ መሆን፣ ከታችና ከላይ የሚነፍሰው ነፋስ በፍጥነትና በአቅጣጫ ብዙ አለመለያየት፣ አየሩም እርጥበት መያዝ ይኖርበታል። በጁንና በጁላይ ከሰሃራ ተነሥቶ አትላንቲክን የሚሻገረው ደረቅና አቧራማ አየር ብዙዎቹን ገና በጅምር የሚያከስማቸውም ለዚህ ነው።

ለእኛ አንባቢዎች ይህ ታሪክ ከሩቅ ባሕር የሚጀምር አይደለም። ከአትላንቲክ ሄሪኬኖች ብዙዎቹ፣ በተለይም ኃይለኞቹ፣ ዘራቸው የሚገኘው በአፍሪካ ምድር ላይ ነው። በእኛ ክረምት ወራት በሰሃራ ግለትና በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ቅዝቃዜ መካከል ካለው ልዩነት የተነሣ፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚፈስ የነፋስ ጅረት ይፈጠራል። በዚህ ጅረት ላይ እየታጠፉ የሚጓዙት የአየር ሞገዶች ከሚነሡባቸው ቦታዎች መካከል የዳርፉር ተራሮችና የኢትዮጵያ ደጋ ይገኙበታል። ከሰዓት በኋላ በደጋው ላይ ተቆልሎ ነጎድጓድና በረዶ የሚያወርደው ጥቁር ደመና ወደ ሱዳን ሲያዘግም፣ አንዳንዴ የእንዲህ ያለ ሞገድ መነሻ ይሆናል። ሞገዶቹ በየሦስትና በየአምስት ቀኑ አንድ እየሆኑ፣ በዓመት 60 ያህሉ ሳህልን አቋርጠው ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣሉ። ወደ ሄሪኬንነት የሚያድጉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በኦገስት 2000 እ.ኤ.አ. በአትላንቲክ ላይ ለረጅም ቀናት የቆየው ሄሪኬን አልቤርቶ መነሻው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተፈጠረ የነጎድጓድ ደመና እንደነበር ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከታትለው አሳይተዋል። የእኛ ክረምትና የካሪቢያን የሄሪኬን ወቅት በአንድ ጊዜ መዋላቸው እንግዲህ በከፊል የአንድ የአየር ሥርዓት ሥራ ነው።

ይህን በሰፊው ያነሣሁት ለመንገደኛው ቀጥተኛ ጥቅም ስላለው ጭምር ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ፊት ለፊት ካሉት የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ አውሎ ነፋስ ወደ ምሥራቃዊዎቹ ደሴቶች፣ ማለትም ወደ አንቲጓ፣ ወደ ዶሚኒካ፣ ወደ ሴንት ማርቲን እስኪደርስ አንድ ሳምንት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ በኦገስትና በሴፕቴምበር የሚመጣው አደጋ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ይታያል። በጁን፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ግን ብዙዎቹ የሚፈጠሩት እዚያው በካሪቢያን ባሕር ውስጥ፣ በተለይም በምዕራቡ ክፍል ነው። እነዚህ ከጃማይካ፣ ከኩባና ከኬይማን ደሴቶች ደጃፍ ላይ ስለሚነሡ የሚሰጡት የመዘጋጃ ጊዜ አጭር ነው።

ስድስቱ ወራትም እኩል አይደሉም። ከ1991 እስከ 2020 ባለው አማካይ መሠረት በአንድ ወቅት 14 ስም የወጣላቸው አውሎ ነፋሶች ይከሰታሉ፤ ከእነርሱ 7ቱ ሄሪኬን፣ ከ7ቱም 3ቱ ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ ይሆናሉ። አብዛኛው የሚከማቸው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ሲሆን፣ የወቅቱ ጫፍ ሆኖ የሚቆጠረው ሴፕቴምበር 10 ነው፤ በአብዛኛው ዓመት ጳጉሜን 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሄሪኬን አይቫን ግሬናዳን የመታው በሴፕቴምበር 7 ቀን 2004፣ ኢርማ ባርቡዳን ያወደመውና የደሴቲቱ ነዋሪ በሙሉ ወደ አንቲጓ እንዲሸሽ ያደረገው በሴፕቴምበር 6 ቀን 2017፣ ማሪያ ዶሚኒካ ላይ ያረፈው በዚያው ወር 18 ቀን ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ደሴቶች ልጆች የሚማሩት፣ በየወሩ ስም ቤት የሚመታ የቆየ አባባል አለ፤ ጁን ገና ነው፣ ጁላይ ተጠባበቅ፣ ኦገስት ተጠንቀቅ፣ ሴፕቴምበር አስታውስ፣ ኦክቶበር አበቃ ይላል። ለአማካዩ ጥሩ መመሪያ ነው፤ አማካይ ግን ዋስትና አይሆንም። ቤሪል የግሬናዳ አካል የሆነችውን ካሪያኩን በደረጃ 4 የመታው ጁላይ 1 ቀን 2024 ነበር፤ በማግስቱ ደረጃ 5 ሲደርስ በመዝገብ ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። «ኦክቶበር አበቃ» የሚለውን ደግሞ ሜሊሳ ሽራዋለች፤ በኦክቶበር 28 ቀን 2025 በደረጃ 5 ምዕራብ ጃማይካ ላይ አርፋለች።

የተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ወቅቱ ነው ተብሎ ስድስቱን ወር ሙሉ ካሪቢያንን መዝጋት። ከባርቤዶስ እስከ ምዕራብ ኩባ ያለው ርቀት ከ2500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ካለው የአየር ርቀት ይበልጣል። ኩባ ላይ ከባድ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ባርቤዶስ ላይ ፀሐይ መሞቅ ይቻላል። በወቅቱ ውስጥ የሚዘንበው ዝናብም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰዓት ካፊያ ወይም ዶፍ ሆኖ የሚያልፍ ነው። የቦታ ምርጫም ለውጥ ያመጣል፤ አሩባ፣ ኩራሳዎና ቦኔር በቬንዙዌላ ጠረፍ አቅራቢያ፣ ከተለመደው የሄሪኬን መንገድ በስተደቡብ ስለሚገኙ በቀጥታ የሚመቱበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ ትሪኒዳድና ቶቤጎም በዚሁ አቅጣጫ ናቸው። ባርቤዶስ በምሥራቅ ተነጥላ ስለምትገኝ ብዙ አውሎ ነፋሶች በሰሜኗ ያልፋሉ፤ በ2021 ኤልሳ ስትደርስባት ከ1955ቱ ጃኔት ወዲህ የመጀመሪያዋ ሄሪኬን ነበረች። በሴፕቴምበር መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ደሴቱን ወደ ደቡብ ቢያወርድ ቀኑን ካለመቀየር የሚመጣበትን ስጋት ብዙ ያቃልላል።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። ስሞቹን የሚያዘጋጀው የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ነው፤ ስድስት ዝርዝሮች በየስድስት ዓመቱ እየተመላለሱ ያገለግላሉ፤ ብዙ ጉዳት ያደረሰ አውሎ ነፋስ ስም ዳግመኛ እንዳይወጣ ይሰረዛል። የጉዞ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደግሞ ይህን ስም እንደ መቁረጫ መስመር ይጠቀሙበታል። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የታወቀ ነገር ሆኗል ስለሚሉ፣ ከዚያ በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ በዚያ አውሎ ነፋስ ምክንያት ለደረሰ ኪሳራ አይከፍልም። ከበረራው አምስት ቀን ሲቀር በዜና ሰምቶ ኢንሹራንስ ለመግዛት የሚሮጥ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለሌላ ለማንኛውም ችግር እንጂ ለሚያስፈራው ነገር አይደለም። የሚገዛው ቲኬቱ በተገዛበት ሳምንት ነው።

ፍርሃት ብቻውን እንደማያስከፍልም ማወቅ ያስፈልጋል። መደበኛው ውል የሚከፍለው በረራው በአየሩ ምክንያት ውሉ ላይ ለተጻፈው ሰዓት ያህል ሲቋረጥ፣ ሆቴሉ ሊኖሩበት የማይቻል ሲሆን ወይም ባለሥልጣናት ውጡ ብለው ሲያዙ ነው። ሆቴሉ ክፍት ሆኖ አውሮፕላኑም እየበረረ «ሰማዩ አላማረኝም» ብሎ የቀረ ሰው ምንም አያገኝም። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚፈቅደው ተጨማሪ ውል ነው፤ እርሱም ዋጋው ከፍ ያለ፣ የሚመልሰውም ከወጪው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ከ14 እስከ 21 ቀናት ውስጥ ካልተገዛ አይገኝም። አንዳንድ ሆቴሎች ሄሪኬን ቢመጣ ቀኑን ያለ ቅጣት እንቀይራለን የሚል የራሳቸው ዋስትና አላቸው፤ ከመክፈል በፊት ይህን በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቀኑ ሲቃረብ ወቅቱ ቦታውን ለትንበያ ይለቃል። በማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሄሪኬን ማዕከል በሰባት ቀናት ውስጥ አውሎ ነፋስ የመፈጠር ዕድልን በመቶኛ ያወጣል፤ ለተፈጠረው ደግሞ የአምስት ቀን መንገዱን ይተነብያል። በካርታው ላይ እየሰፋ የሚሄደውን ቅርጽ ብዙ ሰው የአውሎ ነፋሱ ስፋት አድርጎ ያነበዋል፤ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ቅርጹ የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱ መሐል ሊያልፍባቸው የሚችላቸውን ቦታዎች ነው፤ መሐሉ ሙሉ በሙሉ በውስጡ የሚቆየውም ከሦስት ጊዜ በሁለቱ ያህል ሲሆን፣ ነፋሱና ዝናቡ ከቅርጹ ውጭ ርቀው ሊደርሱ ይችላሉ። በአምስተኛው ቀን ላይ ያለው የትንበያ ስሕተት በአማካይ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጃማይካ ከጫፍ እስከ ጫፍ 235 ኪሎ ሜትር መሆኗን ስናስብ፣ በአምስት ቀን ርቀት «ይመታታል» ወይም «ይስታታል» ብሎ መቁረጥ ለምን እንደማይቻል ግልጽ ይሆናል።

ደሴቱ ላይ ከደረሱ በኋላ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። «ሄሪኬን ዎች» ማለት ሄሪኬን ሊመጣ ይችላል ማለት ሲሆን፣ አደገኛው ነፋስ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት 48 ሰዓት ገደማ በፊት ይነገራል። «ሄሪኬን ዋርኒንግ» ማለት ይጠበቃል ማለት ነው፤ ከ36 ሰዓት በፊት ይወጣል። ለመውጣት የሚወስን ሰው በመጀመሪያው ቃል መወሰን አለበት፤ በሁለተኛው ጊዜ ወንበሮች ሁሉ ተይዘው አየር መንገዶችም በረራ መሰረዝ የሚጀምሩበት ሰዓት ደርሷል። መቅረት ግድ ከሆነ የሆቴሉን መጠለያ ቦታ መጠየቅ፣ መድኃኒትንና ፓስፖርትን ውኃ በማያስገባ ከረጢት መያዝ፣ መብራትና የካርድ ማሽን ስለሚቋረጡ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ተገቢ ነው። ነፋሱ በድንገት ጸጥ ሲል ወደ ባሕሩ ዳርቻ መውጣት ፈጽሞ አይገባም፤ ዐይኑ በላይ እያለፈ ሊሆን ይችላልና፣ ከዐይኑ በኋላ ነፋሱ ከተቃራኒ አቅጣጫ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል።

ቀኑን በነፃነት መምረጥ ለሚችል ሰው የእኔ ምርጫ የዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ወቅቱ ተዘግቷል፣ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል የሚዘልቀው የውዱ ጊዜ ዋጋም ገና አልጀመረም። ለሚጾም ሰው ጊዜው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል፣ ምግቡ በዋጋው ውስጥ የተካተተ ሆቴል ሲይዝ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚቀርብ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሜይም ጥሩ ወር ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማውጣት የማይችል ወላጅ ከክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት የጁንን መጀመሪያ ይምረጥ፤ ኦገስት ከደረሰበት አሩባን ወይም ኩራሳዎን ይመልከት፣ ኢንሹራንሱን ከቲኬቱ ጋር በአንድ ቀን ይግዛ፣ ከመነሻው ሰባት ቀን ሲቀር ጀምሮም በየጠዋቱ የማያሚውን ካርታ ይክፈት።