እምቧጮ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያለው ልጅ ከዴንማርክ ያመጣውን ፎቶ ለጓደኞቹ ያሳያል። ሣር የለበሰች ጉብታ ነች። «የአገሩ ትልቁ ተራራ ይሄ ነው» ሲላቸው በሳቅ ሞቱ። አንዱ ቀበል አድርጎ «ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል!» አለ። እንደገና ሳቅ።

እኔን ግን ከነከነኝ። ተረቱ ለማላገጫ ብቻ የተፈጠረ አይመስለኝም።

ጉብታዋ ሞለሆይ ትባላለች፤ ከባሕር ወለል በላይ 170.86 ሜትር። ልጆቹ የሚስቁበት በረንዳ እንኳ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ከፍ ይላል። እንጦጦን ተዉት። ሞለሆይ በ2005 እ.ኤ.አ. ቁንጮነቷ እስኪታወቅ ድረስ ክብሩ የጎረቤቷ የኤየር ባቭነሆይ ነበር። የበለጠችው በግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ኤየር ባቭነሆይ ላይ በ1924 እ.ኤ.አ. ግንብ ተሠርቶበታል፤ ሰው ዛሬም ይወጣዋል። ሜዳ ላይ የሚኖር ሰውም እኮ ወጥቶ አገሩን የሚያይበት ይፈልጋል።

የእኛም እምቧጮ ነገር እንዲሁ ነው። ልጅ ሆነን አያቴ አገር፣ ሰሜን ሸዋ፣ ለጋውን ግንድ ልጠን እንበላው ነበር። ይኮመጥጣል፤ ጥርስ ያጠርሳል። ከሰው ቁመት ብዙም አያልፍም። አድባሩ ግን ሌላ ነው፤ ትልቅ ዋርካ ነበር። ግንቦት ልደታ ሲደርስ እናቶች ንፍሮና ዳቦ ይዘው ይወጣሉ፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ይፈላል። አያቴ ግንዱን ቅቤ ትቀባዋለች። ፀሐይ ሲወጣ ቅቤው በቅርፊቱ ስንጥቅ ይወርዳል፤ ጉንዳኖች ተሰልፈው ይወጡበታል። እኛ ዓይናችን ዳቦው ላይ ነው። ምርቃቱ ሳያልቅ ግን ንክች የለም!

እንግዲህ የእኔ ግምት ይኸውላችሁ። እምቧጮ የሚወደው የተጎዳ መሬት ነው፤ ደን በተመነጠረበት፣ ከብት አብዝቶ በጋጠው ገደል ላይ ይበቅላል። ስለዚህ «ዛፍ በሌለበት» ሲባል ዛፍ ያልነበረበት ማለት አይደለም፤ የተቆረጠበት ማለት ነው። ዋርካው ለማገዶ ሄደ፤ ግንቦት ልደታ ግን አልቀረም። ቅቤውም፣ ንፍሮውም፣ የሚመርቁት እናቶችም አሉ። ታዲያ የት ይሂዱ? እምቧጮው ሥር ተቀመጡ። ተረቱን መጀመሪያ ያለችው ከእነሱ አንዷ ትመስለኛለች፤ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በቁጭት። አዲስ አበባ ራሷ በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆባት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ምንም አልቀራትም ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደረሰላት እንጂ።

አሁን አሁን ተረቱ የሚወረወረው እምቧጮው ላይ ነው። አንድ ምስኪን ሰው ሌላ በጠፋበት ቦታ ኃላፊነት ሲቀበል «ዛፍ በሌለበት...» ይባልበታል። ዛፉን ማን ቆረጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወዲያ ደግሞ ለሙገሳ የሚጠቀሙበት አሉ። አንድ የጡረታ ሽኝት ላይ ተናጋሪው አለቃውን ሲያወድስ «ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል እንደሚባለው፣ ጋሼ ለእኛ አድባራችን ነበሩ» ሲል ሰምቻለሁ። ቤቱ አጨበጨበ፤ ጋሼም እጅ ነስተው ተቀመጡ። ኧረ ተዉ! ሰው ስታወድሱ እንኳ ዋርካ በሉት።