የእስራኤል የሥራና የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር፦ ሲጣመርና ሲለያይ የኖረ ወንበር

እስራኤል ውስጥ ሥራ ያጣ ሰው ሁለት በር ያንኳኳል። አንዱ የቅጥር አገልግሎት ቢሮ ነው። ሌላው ብሔራዊ መድን ነው፤ እዚያ ያለው የኛ ሰው በአማርኛ እያወራ እንኳ «ቢቱዋህ ሌኡሚ» ነው የሚለው። ችግሩ ወደ ቤት ከገባ፣ ልጆቹን ወይም ትዳሩን ከነካ፣ ሦስተኛ በር አለ፦ የማዘጋጃ ቤቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል። የእነዚህ ሁሉ ተጠሪነት ለአንድ ሚኒስትር ይሁን ወይስ ለሁለት? ይህ ጥያቄ አገሪቱ ከተመሠረተችበት ከ1948 ጀምሮ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሲወሰን ኖሯል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የቢሮ አደረጃጀት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ግን አይደለም። ሥራና ድጋፍ አንድ ላይ ሲሆኑ ድህነት የኢኮኖሚው ጥያቄ ይሆናል። ሲለያዩ ደግሞ ድሃው ወደ ምጽዋት መዝገብ ይገፋል። የዚህን ወንበር ታሪክ ያየ ሰው ይህን ደጋግሞ ያገኘዋል።

ሁለት ወንበር፣ ሁለት ዓለም

በ1948 ጊዜያዊ መንግሥት ሲቋቋም ሥራና ድጋፍ ለየብቻ ነበሩ። የሥራና የግንባታ ሚኒስትር የሆኑት ሞርደካይ ቤንቶቭ ከግራ ክንፉ ማፓም ፓርቲ ነበሩ። የማኅበራዊ ድጋፉን ሚኒስቴር የያዙት ደግሞ ይጽሐቅ ሜየር ሌቪን ናቸው፤ እጅግ ሃይማኖተኛ ከሆነው ከአጉዳት ይስራኤል። ክፍፍሉ እንዲሁ አልመጣም። በዘመኑ ሥልጣን የጨበጡት የሠራተኛ ፓርቲዎች ነበሩ። ለእነሱ ሥራ የአገር ግንባታው ልብ ነው። የችግረኛ እርዳታን ግን የበጎ አድራጎት ነገር አድርገው ስለሚያዩት ለሃይማኖት ፓርቲዎች መተው አልከበዳቸውም።

ሌቪን በ1952 ሴቶችን ለብሔራዊ አገልግሎት በመመልመል ጉዳይ ከመንግሥት ወጡ። ከዚያ በኋላ ይህ ሚኒስቴር አብዛኛውን ጊዜ በሌላው የሃይማኖት ጎራ፣ በኋላ ብሔራዊ ሃይማኖታዊ ፓርቲ በተባለው እጅ ቆየ። ሞሼ ሻፒራና ዮሴፍ ቡርግ በዚህ መስመር ከመሩት መካከል ናቸው። ጉልበቱ ያለው ግን በሥራ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ ነበር።

የጎልዳ ሜየር ሰባት ዓመታት

በማርች 1949 የመጀመሪያው የተመረጠ መንግሥት ሲዋቀር ቤን ጉሪዮን የሥራ ሚኒስትርነቱን ለጎልዳ ሜየር ሰጡ። ኪየቭ ተወልደው አሜሪካ ሚልዋኪ ያደጉ፣ ያኔ በሞስኮ የእስራኤል መልእክተኛ የነበሩ ሴት ናቸው። እስከ 1956 ቆዩበት። ኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆነዋል። ከሁሉ የተደሰቱበት ጊዜ ግን ይህ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል።

ሥራው የሚያስፈራ ነበር። አገሪቱ ስትመሠረት ወደ 650,000 የሚጠጋ የአይሁድ ሕዝብ ነበራት። በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ከዚያ የማይተናነስ ስደተኛ ገባ። ከአውሮፓ ጭፍጨፋ የተረፈው፣ ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሰሜን አፍሪካ የመጣው ሁሉ መጠለያና እንጀራ ይፈልጋል። ሰው በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት መጠለያ ሰፈሮች ውስጥ ተጨናነቀ። «ማዓባራ» ይባሉ ነበር። ያኔ የቤቶች ሚኒስቴር የሚባል ነገር አልነበረም። ቤት መሥራትም፣ መንገድ ማውጣትም፣ ሥራ መፍጠርም በሥራ ሚኒስቴሩ ትከሻ ላይ ወደቀ። ጎልዳ መንገድ ግንባታውንና ደን ተከላውን ሥራ ለሌለው ስደተኛ የዕለት ገቢ ማግኛ አደረጉት። ደመወዙ ትንሽ፣ ሥራው ከባድ ነበር። ብዙ ሰው ሙያውን ትቶ አካፋ ያዘ። ያም ሆኖ መንገዱ ተሠራ፣ ቤቱም ቆመ።

ከሁሉ ይልቅ የቆየው ግን ሕጉ ነው። በ1951 የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ወጣ። ቀኑን 8 ሰዓት፣ ሳምንቱን 47 ሰዓት አደረገው። በዚያው ዓመት የዓመት ፈቃድ ሕግ ተከተለ። በ1953 የወጣት ሠራተኞች፣ በ1954 የሴቶች ሥራ ሕግ መጣ፤ ወላድ ሠራተኛ የ12 ሳምንት ፈቃድ አገኘች። ትልቁ ሕግ ደግሞ የብሔራዊ መድን ሕግ ነው። መነሻው የይጽሐቅ ካኔቭ ኮሚቴ ያረቀቀው ዕቅድ ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት ክኔሴት በኖቬምበር 1953 አጸደቀው፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 1954 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሲጀመር የእርጅና ጡረታን፣ የሟች ቤተሰብ አበልን፣ የሥራ ላይ ጉዳትንና የወሊድ ድጎማን ያዘ።

የወሊድ ድጎማው አንድ ብልህ ነገር ነበረው። የሚከፈለው ሆስፒታል ለወለደች ሴት ነው። በዚህ ምክንያት ቤት መውለድ የለመዱ ስደተኞችና የአረብ ሴቶች ወደ ሆስፒታል መሄድ ጀመሩ። ልብ በሉ፣ ይህን ያመጣው የሥራ ሚኒስትሯ ሕግ ነው። እናትንና ሕፃንን የሚጠብቅ ሕግ ከማኅበራዊ ድጋፍ ሚኒስቴሩ ሳይሆን ከሥራ ሚኒስቴሩ መውጣቱ፣ ሁለቱን መለየት ገና ከጅምሩ እንዳልሠራ ያሳያል።

ከፓርቲ ደብተር ወደ መንግሥት ቢሮ

ጎልዳን የተኩት ሞርደካይ ናሚር ናቸው። በእሳቸው ጊዜ፣ በ1959፣ የቅጥር አገልግሎት ሕግ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የሥራ ማገናኛውን በአብዛኛው የያዙት ታላቁ የሠራተኞች ማኅበር ሂስታድሩትና ፓርቲዎች ነበሩ። የትኛው ፓርቲ አባል ነህ የሚለው ጥያቄ ሥራ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ይቆም ነበር። ሕጉ ይህን ለመንግሥት አዞረው። በዚያው ዓመት በጁላይ ሃይፋ ውስጥ ዋዲ ሳሊብ በተባለው ሰፈር ከሞሮኮ የመጡ ስደተኞች አመጹ። ሥራና ቤት በዘር ይታደላል የሚለው ምሬት አደባባይ የወጣበት የመጀመሪያው ትልቅ ቀን ነው።

ኋላ ደግሞ ፓልማህ የተባለው ከመንግሥት ምሥረታ በፊት የነበረ ተዋጊ ኃይል አዛዥ የነበሩት ይጋል አሎን ከ1961 እስከ 1968 ወንበሩን ያዙ። በ1966 የገባው የኢኮኖሚ ድቀት ብዙ ሰው ሥራ ያሳጣው በእሳቸው ጊዜ ነው። ዮሴፍ አልሞጊ ተከተሉ። በ1974 ይጽሐቅ ራቢን ለጥቂት ወራት ከተቀመጡበት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

በዚህ መሀል አንድ ወሳኝ ነገር ተፈጠረ። በ1971 የኢየሩሳሌም ወጣቶች «ጥቁር ፓንተሮች» ብለው ራሳቸውን ሰይመው ሰልፍ ወጡ። ወላጆቻቸው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጎልዳ ሜየር አነጋገሯቸው፤ ከዚያ ጥሩ ልጆች አይደሉም ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነሳባቸዋል። ያንን ሁሉ መንገድና ሕግ ለስደተኛ የሠሩ ሴት የስደተኛው ልጆች ሲቆጡ አለመረዳታቸው ያሳዝናል። ሆኖም ስለ ችግረኛ ሕፃናትና ወጣቶች የሚያጠና ኮሚቴ ተሰየመ። ሰብሳቢው በማኅበራዊ ሥራ ሙያ የተካኑትና ብሔራዊ መድንን የመሩት እስራኤል ካትስ ነበሩ። (ኋላ ላይ በዚሁ ስም የሚታወቀው የሊኩድ ሚኒስትር ሌላ ሰው ነው።) በ1973 ደግሞ የሥራ አጥነት መድን ተጀመረ።

1977፦ ሁለቱ አንድ ሆኑ

በ1977 ምርጫ የሠራተኛ ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን አጣ። ሜናሄም ቤጊን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሥራና ማኅበራዊ ድጋፍ ተጣምረው አንድ ሚኒስቴር የሆኑት ያኔ ነው። ወንበሩን የያዙት ደግሞ እኚያው እስራኤል ካትስ ናቸው። የመጡት ዳሽ ከተባለው አዲስ ፓርቲ ነው፤ የክኔሴት አባል ሆነው አያውቁም። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሙያው ለወንበሩ ልክክ ያለለት ሰው ቢባል እሳቸው ናቸው።

ትልቁ ሥራቸው በ1980 የጸደቀው የገቢ ማረጋገጫ ሕግ ነው። ቀድሞ ምንም ገቢ የሌለው ሰው እርዳታ የሚያገኘው በማዘጋጃ ቤት የማኅበራዊ ሠራተኛ ፈቃድ ነበር። አንዱ ከተማ ይሰጣል፣ ሌላው ይከለክላል። አዲሱ ሕግ ዝቅተኛ ገቢን መብት አደረገው። ክፍያው ወደ ብሔራዊ መድን ሄደ፤ መሥራት የሚችል ሰው ደግሞ በቅጥር ቢሮ እንዲመዘገብ ተጠየቀ። ይህ አሠራር ሊታሰብ የቻለው ሁለቱም በአንድ ሚኒስትር ሥር ስለነበሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከካትስ በኋላ ወንበሩ የፓርቲ ድርድር ዕቃ ሆነ። አሃሮን አቡሃጼራ በ1981 ቢሾሙም በ1982 በወንጀል ተፈርዶባቸው ለቀቁ። አሃሮን ኡዛን ተተኩ። ከ1984 እስከ 1988 የያዙት ሞሼ ካትሳቭ ኢራን የተወለዱ፣ በማዓባራ ያደጉ፣ የኪርያት ማላኪ ከንቲባ የነበሩ ናቸው። ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነው በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶባቸው ታስረዋል። በሚኒስትርነታቸው ጊዜ፣ በ1987፣ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ወጣ። ከ1988 ጀምሮም አቅመ ደካማ አዛውንት ቤታቸው ሆነው እንዲረዱ የሚያደርገው የእንክብካቤ መድን ተጀመረ። ዛሬ ብዙ ሀበሻ እናቶችና አባቶች ረዳት የሚያገኙት በዚህ ነው።

ዘመቻ ሙሴ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ያስገባው በዚሁ ጊዜ ነው። በሜይ 1991 ደግሞ ዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አሻገረ። የአቀባበሉ ሥራ የሌላ ሚኒስቴር ነው። ግን የአቀባበል ማዕከሉ ጊዜ ሲያልቅ ሰው የሚቀረው ከዚህኛው ሚኒስቴር ጋር ነው። ለብዙ ገበሬ አባት የመጀመሪያው የመንግሥት ፊት የሥራ ቢሮ ጸሐፊ፣ ለብዙ እናት ደግሞ የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ነበረች።

የውጭ ሠራተኞችና የሻስ ዘመን

ከ1992 እስከ 1996 ኦራ ናሚር ወንበሩን ያዙ። የሞርደካይ ናሚር ባለቤት የነበሩ ናቸው፤ ባልም ሚስትም በየዘመናቸው የሥራ ሚኒስትር ሆኑ ማለት ነው። በእሳቸው ጊዜ የፍልስጤማውያን መግቢያ ሲዘጋ ለግንባታና ለእርሻ ከሩማኒያ፣ ከታይላንድና ከሌሎች አገሮች ሠራተኛ በብዛት መግባት ጀመረ። የፈቃድ ወረቀቱ ገንዘብ ሆነ። ገንዘብ ባለበት ደግሞ ፈተና አለ። ከ2001 እስከ 2003 ሚኒስትር የነበሩት ሻስ ከተባለው የሃይማኖት ፓርቲ የመጡት ሽሎሞ ቤኒዝሪ የውጭ ሠራተኛ ከሚያስመጣ ተቋራጭ ጥቅም በመቀበል በ2008 ጥፋተኛ ተባሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣታቸውን ወደ 4 ዓመት እስር ከፍ አደረገው።

2003፦ መለያየት

በ2003 የአሪኤል ሻሮን መንግሥት ሥራን ነጥሎ ለንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሰጠ። ሚኒስትሩ ኤሁድ ኦልመርት ነበሩ። ማኅበራዊ ድጋፍ ብቻውን ቀረ። በዚያው ዓመት የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤንያሚን ኔታንያሁ ድጎማዎችን ቆረጡ። ቪኪ ክናፎ የተባሉ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናት ከሚጽፔ ራሞን እስከ ኢየሩሳሌም በእግራቸው ተጉዘው ተቃወሙ።

ከ2005 እስከ 2010 ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ «የዊስኮንሲን ዕቅድ» የተባለው ተሞከረ። የገቢ ማረጋገጫ የሚቀበል ሰው በግል ኩባንያዎች ማዕከል ውስጥ በሳምንት ረጅም ሰዓት እንዲውል ተገደደ። ካልመጣ ድጎማው ይቆማል። ከተመረጡት ቦታዎች አሽኬሎንና ሃዴራ ይገኙበታል፤ ሁለቱም ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ዕብራይስጥ አጥርቶ የማያነብ የሃምሳ ዓመት ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መዋሉ ለማን ይጠቅማል? ክኔሴት በ2010 ማራዘሚያ ሳይሰጠው ቀረና ቆመ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚያ ዘመን ጥሩ ነገርም ተሠርቷል። የሥራ ሚኒስትር ትልቁ መሣሪያ የማስፋፊያ ትዕዛዝ ነው። አሠሪዎችና ሂስታድሩት የተስማሙበትን ውል ሚኒስትሩ ፈርሞ የአገሪቱ ሠራተኛ ሁሉ ሕግ ያደርገዋል። ኤሊ ይሻይ ይህን ተጠቅመው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ጡረታ ለሁሉም ሠራተኛ ግዴታ እንዲሆን አደረጉ። በተቋራጭ ሥር ለሚሠሩ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እዚያ ደግሞ ብዙ የኛ ሰው አለ።

እንደገና መጣመር፣ እንደገና መለየት

በ2016 ሥራ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ተመለሰ። ሚኒስትሩ ሃይም ካትስ ነበሩ። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ የሥራ ሳምንቱ ከ43 ወደ 42 ሰዓት ወረደ። ከአካል ጉዳተኞች ረጅም ተቃውሞ በኋላም የአካል ጉዳት አበል ማሻሻያ መጣ። ካትስ ክስ ሲመሠረትባቸው በ2019 ለቀቁ፤ በ2020 ኢጺክ ሽሙሊ ተሾሙ።

ኅብረቱ ብዙ አልቆየም። በ2021 በተዋቀረው መንግሥት ሥራ ወደ ኢኮኖሚ ሚኒስቴር ሄደ፤ ሜየር ኮሄን በማኅበራዊ ጉዳይ ተሾሙ። በ2023 ደግሞ ሥራ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። ዮአቭ ቤን ጹር ሥራን፣ ያዓቆቭ ማርጊ ማኅበራዊ ጉዳይን ያዙ፤ ሁለቱም ከሻስ ፓርቲ።

ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ኢትዮጵያ ተወልደው በእስራኤል ሚኒስትር ለመሆን የመጀመሪያዋ ሆኑ። የተሰጣቸው ግን የስደተኞች አቀባበል ሚኒስቴር ነው። ማኅበረሰቡ በየዕለቱ በሚያንኳኳው በሥራና በማኅበራዊ ጉዳይ ወንበር ላይ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው እስካሁን አልተሾመም።